ነሲብ ወደ መንዝ ሲወጣ

የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ ሰው አንደበተ ቁጥብ ነው ሲባል እሰማለሁ፤ ስለ ዕድሉ ሲናገር ተቀምጦ ያዳመጠው ሁሉ ግን ይህን አሳብ ይተዋል። በጥቅምት ማለዳ ከቤቱ ወጥቶ የገብሱ ማሳ በአመዳይ ነጥቶ፣ ከድንበሩ ወዲያ ያለው የጎረቤቱ ማሳ ደግሞ አንድ ዘለላ ሳይነካበት ቀጥ ብሎ ቆሞ ያየ አባወራ፣ ባናውን ተከናንቦ ከድንጋይ ካቡ ላይ ቁጭ ይልና አስቀድሞ «ዕጣ ፈንታዬ ነው» ይላል፤ ጥቂት ቆይቶ «የአርባ ቀን ዕድሌ ነው» ይላል፤ ሚስቱ ቁርሱን ይዛ ስትደርስ «ጽዋ ተርታዬ ሆነና ምን ላድርግ» ይላታል፤ ቄሱ በዚያ ሲያልፉ «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው አባቴ» ይላቸዋል፤ ግብር ሰብሳቢው ብቅ ሲል ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እኔ እኮ ያልታደልኩ ሰው ነኝ» ይላል። ለአንድ ሌሊት አመዳይ አምስት ቃል ያወጣ ሕዝብ፣ ዕጣን የሚጠራበት ስም አጥቶ ወደ ባዕድ ደጅ ይሄዳል ብሎ የሚጠረጥር ሰው አይኖርም። ነገር ግን ሄዷል፤ ከዚያም ተበድሮ ያመጣው ቃል ነሲብ ነው።

ነሲብ የዐረብኛ ቃል ነው። ባለቤቶቹ መካከለኛውን ፊደል ጠበቅ አድርገው ስለሚናገሩት «ነጺብ» ብንለው ለመነሻው የቀረበ ይሆን ነበር፤ የአማርኛ ምላስ ግን ሣንዱቅንና ሳሙናን ከዚያው ቋንቋ ሲቀበል እንዳደረገው ሁሉ የዚህንም ፊደል አለዝቦ በሰ ተቀበለው። ትርጓሜው «ለአንድ ሰው የደረሰው ድርሻ» ማለት ነው፤ የሟች ርስት ሲከፋፈል ለየወራሹ የሚወጣው ክፍል በቁርኣን የሚጠራው በዚሁ ቃል ነው፤ ከዚህም ተነሥቶ ከላይ ተከፍሎ የተሰጠውን ድርሻ፣ እኛ ዕጣ ፈንታ የምንለውን ለማመልከት ዋለ። ቃሉም በነጋዴና በመርከበኛ፣ በመምህርና በወታደር አፍ ብዙ ሀገር ዞረ። ቱርክ «ናሲፕ» ይለዋል፤ በሕንድና በፓኪስታን ዘፈንና ሲኒማ ነሲቡን የማያማርር ፍቅረኛ አይገኝም፤ በስዋሂሊ «ባሃቲ ናሲቡ» ማለት ሎተሪ ነው፤ ዐረቦቹም ራሳቸው ሎተሪን «ያ ነሲብ» ይሉታል፤ «ዕጣዬ ሆይ» ብሎ እንደ መጣራት ያለ ነገር መሆኑ ነው፤ ሎተሪ ቆርጦ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ስሙ በትክክል እንደ ወጣለት ይመሰክራል።

ይህ ቃል አንድ የቅርብ ዘመድ አለው፤ እርሱም ከእርሱ ይልቅ በአውሮፓ ስመ ጥር ሆኗል። ዐረቦች «ከፈለ» ከሚለው ግሣቸው «ቂስማ» የሚል ስም ያወጣሉ፤ ቱርኮች «ኪስመት» ብለው ወሰዱት፤ ከቱርኮችም ወደ እንግሊዞች ደረሰ። እንግሊዛዊው የባሕር ጦር አዛዥ ኔልሰን እ.ኤ.አ. በ1805 በትራፋልጋር ጦርነት ቈስሎ ሊሞት ሲል የመርከቡን አለቃ «ኪስ ሚ፣ ሃርዲ» ማለትም «ሃርዲ ሆይ፣ ሳመኝ» ብሎታል ይባላል፤ አንድ ጀግና የጦር መኰንን በሞት አፋፍ ላይ ሆኖ ጓደኛውን ሳመኝ ማለቱ ያሳፈራቸው ኋለኞች ግን፣ «ኪስ ሚ አላለም፤ ኪስመት፣ ሃርዲ፤ ዕጣዬ ነው ማለቱ ነበር» ብለው ሊያርሙለት ሞከሩ። ችግሩ ቃሉ በእንግሊዝኛ መጻሕፍት መታየት የጀመረው ሰውየው ከተቀበረ ከብዙ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። በኛ ሀገር ሰው ወንድሙን ሲስም ማንም ዘወር ብሎ ስለማያይ፣ ይህን ያህል ትርጓሜ መደርደር ባላስፈለገም ነበር።

እንግዲህ ነሲብም ድርሻ፣ ቂስማም ክፍፍል ከሆኑ፣ የኛዎቹስ ምንድን ናቸው ብሎ መጠየቅ ይገባል። ዕድል «አደለ» ከሚለው ይወጣል፤ የታደለ ማለትም ሲታደል በቦታው የተገኘ ማለት ነው። ፋንታ ድርሻ ነው፤ ክፍልም ክፍል ነው። ጥንታውያን ጽርዕ ዕጣ ፈንታን በምትሰጥ እንስት አምላካቸው ስም «ሞይራ» ይሉት ነበር፤ ሞይራም ድርሻ ማለት ነው። በ1954 ዓ.ም. ብሔራዊ ሎተሪ ሲቋቋም አብሮ የጸናልን የፈረንጅ ቃል እንኳ ሥሩ ሲቈፈር ከዕጣና ከድርሻ ላይ ያርፋል። የሰው ልጅ በየትም ቦታ ስለ ዕጣው ሲያስብ የታየው አንድ ትልቅ ድልድል ነው፤ አንድ ደልዳይ ቆሟል፣ ብዙ እጆች ተዘርግተዋል፣ ሁሉም የባልንጀራውን መደብ በዐይኑ ይመዝናል።

ይህን ደግሞ ከመንዝ ሰው በላይ የሚያውቀው የለም፤ ቅርጫ አለውና። በትንሣኤ ዋዜማ ጎረቤታሞች ገንዘብ አዋጥተው የገዙት በሬ ተጥሎ ይገፈፍና፣ ቅጠል በተነጠፈበት መሬት ላይ ሥጋው በመደብ በመደብ ይደለደላል። ደልዳዩ በዕድሜው የተከበረ፣ በእጁ የታመነ ሰው ነው፤ ከሻኛው ለሁሉ፣ ከጎድኑ ለሁሉ፣ ከታናሹና ከታላቁ ለሁሉ፣ ከጉበቱና ከጨጓራው ለሁሉ፣ እየቈረጠ ሲያዳርስ፣ ወደ ኋላው ሸሸት ብሎ ሲያይ፣ ከአንዱ ቀንሶ ለሌላው ሲጨምር፣ ፀሐይ ትወጣለች። በመጨረሻ መደቦቹ ሁሉ እኩል ሆኑ ይባላል። እኩል ከሆኑማ ዕጣ ምን ያደርጋል ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቅርጫ ገብቶ አያውቅም። እኩል መሆናቸውን ሁሉም በአፉ ይመሰክራል፤ ይሁን እንጂ የሁሉም ዐይን ከዳር ሦስተኛ ካለችው፣ ጮማዋ ወደ ውጭ ከዞረችው መደብ ላይ ተተክሏል። ስለዚህ ዕጣ ይጣላል። አንዱ ጭራሮ ይሰብራል፤ አንዱ ጠጠር ያነሣል፤ አንዱ የጠርሙስ ቆርኪ ከኪሱ ያወጣል፤ አንዱ ከኮቱ ቁልፍ ይበጥሳል፤ ሁሉም በአንድ ባርኔጣ ውስጥ ተሰብስቦ ይናጥና፣ የማን ምን እንደሆነ ያላየ ሕፃን ከመንገድ ተጠርቶ፣ አንድ አንድ እያነሣ በየመደቡ ላይ ያኖራል።

በዚያች ቅጽበት የሚሰፍነውን ጸጥታ በቅዳሴ ሰዓት ያየሁት ጥቂት ጊዜ ነው። ሕፃኑ ንፍጡን እየጠረገ በሽማግሎች መካከል ሲመላለስ፣ የቀበሌው ሊቀ መንበርም፣ የሰንበቴው ሙሴም፣ የሰባት ልጆች አባትም በእርሱ እጅ ናቸው። ከዚያ በኋላ ሁሉም ዕጣው ያረፈበትን መደብ ይቀበላል፤ ተቀብሎም ያማርራል። «አጥንቱ በዛብኝ» የማይል የለም፤ ሁሉም የተመኙት መደብ የደረሰው ሰው እንኳ ምቀኛ እንዳይበዛበት ከሁሉ አብልጦ ያማርራል። ነገር ግን ልብ በሉ፤ በሕፃኑ ላይ የሚያማርር የለም፤ ሁሉም የሚናገረው ወደ ደልዳዩ ዞሮ ነው። ዕጣው ንጹሕ ነው፤ ጥርጣሬው በድልድሉ ላይ ነው።

ጽዋ ተርታ የሚለውም፣ ለኔ እንደሚመስለኝ፣ ከዚሁ ከመካፈል የወጣ ነው። በማኅበር ጽዋው ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ተረኛው ተቀብሎ ይወስደዋል፤ የሚቀጥለውን ወር ድግስም ከጽዋው ጋር አብሮ ይወስዳል። የጠላው ተራ ደስ ሲል የድግሱ ተራ ደግሞ ጌሾና ብቅል ያስቈጥራል፤ ሁለቱን ነጥሎ አንዱን ብቻ ተቀብያለሁ ማለት አይቻልም። በቅዱሳን ገድል ጽዋ መጠጣት መከራን መቀበል ሆኖ መነገሩን የሚያውቅ የማኅበርተኛ ሚስት፣ ባሏ ዳዊቱን በብብቱ ሸጉጦ ጽዋውን አንግቦ ሲገባ ስታይ፣ ትርጓሜውን ሊቃውንት ሳይነግሯት ታውቀዋለች።

የአርባ ቀን ዕድል ግን የበለጠ ያከራክራል። አንዳንዱ ፅንስ በማኅፀን አርባ ቀን ሲሞላው ዕድሉ ይጻፍለታል ይላል፤ አንዳንዱ ደግሞ ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ ክርስትና የሚነሣ ስለሆነ ነው ይላል። የኋለኛውን ከተቀበልን ሴት የምትጠመቀው በሰማንያ ቀኗ ነውና፣ በመጽሐፈ ኩፋሌም አዳም በአርባ ቀኑ ሔዋን በሰማንያ ቀኗ ወደ ገነት ገቡ ተብሎ ተጽፏልና፣ ሴት «የአርባ ቀን ዕድሌ» ስትል የሰው ገንዘብ ነክታለች ማለት ነው። ይህን ነገር የአንዲት አክስቴ ባል፣ ዲቁና ጀምረው ያቋረጡ ሰው፣ አክስቴ በዕድሏ ባማረረች ቁጥር ያነሡባት ነበር። «አርባው የኔ ነው፤ ያንቺ ሰማንያ ነው፤ በገዛ ዕድልሽ አልቅሺ» ይሏታል። እርሷም አንድ ቀን በጉልቻው ላይ ምጣዷን እያስተካከለች፣ «እንዲያማ ከሆነ እርስዎን ያገባሁት በእርስዎ ዕድል ነዋ! የእኔማ ገና አልደረሰም» ብላ መለሰችላቸው። ከዚያ ወዲህ ስለ ኩፋሌ ሲናገሩ አልተሰሙም።

ዕድልን እንደ ድርሻ የሚያይ ሰው ዝም ብሎ አይቀበለውም፤ ድርሻ ሙግት አለበትና። መንዝ ከጥንት ማማ፣ ላሎና ጌራ ተብሎ በሦስት የተከፈለ ነው፤ ስሞቹም ምድሩን ያቀኑት የሦስት አባቶች ስም ናቸው ይባላል። በመንዝ የሚገኘውን የጓሳን ሣር ቄሮ በሚባል የጋራ ጥበቃ ሥርዐት ሲጠብቁ የኖሩት የአስቦና የጌራ ተወላጆች ደግሞ፣ አባቶቻቸው ድንበር የለዩት በፈረስ ግልቢያ ነው ብለው ይተርካሉ። ዕጣ ቢጥሉ ኖሮ የሕፃን እጅ ይበቃ ነበር፤ በፈረስ የተለየ ድንበር ግን ፈረሱ ደከመ አልደከመም፣ ሰኮናው ከዚህ አረፈ ከዚያ አረፈ የሚያሰኝ ስለሆነ፣ ለልጅ ልጅ የሚበቃ ክርክር ያወርሳል። የዐጽመ ርስት ሙግት ሲወርድ ሲዋረድ ቆይቶ፣ የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ዐዋጅ ርስቱን ከነሙግቱ ሻረው፤ ገበሬ ማኅበር ተቋቁሞ መሬት በነፍስ ወከፍ ሲደለደል ደግሞ በየቦታው ዳኛው ተመልሶ ያው ዕጣ ሆነ። በሰማይ ድልድል ቅር የተሰኘ ሰውስ ምን ያደርጋል? ይሳላል። ወደ ጻድቃኔ ማርያም ጥላና ሻማ ተስሎ በእግሩ የሚገሠግሠውን መንገደኛ ላየው ሰው፣ ስለት ይግባኝ መሆኑ ግልጽ ነው፤ የሥር ፍርድ ቤት የወሰነውን የይግባኝ ሰሚው ያሻሽለው ዘንድ አመልካች ለመሆን ይሄዳል።

ይግባኙ የዘገየበት ሰው ወደ ደብተራ ቤት ጎራ ማለቱ አልቀረም። ቤተ ክርስቲያን ይህን አጥብቃ ብትከለክልም፣ ዐውደ ነገሥት ከሣጥን ይወጣል፤ የባለጉዳዩ ስም ከእናቱ ስም ጋር በፊደል ቍጥር ይደመራል፣ በ12 ይገደፋል፣ የተረፈውም ኮከቡ ይሆናል። ሐመል፣ ሠውር፣ ገውዝ፣ ሸርጣን፣ አሰድ፣ ሰንቡላ፣ ሚዛን፣ ዐቅራብ፣ ቀውስ፣ ጀዲ፣ ደለዊ፣ ሑት፤ ደብተራው ዐይኑን ጨፍኖ በግእዝ ዜማ ሲያወርዳቸው ከያሬድ ድርሰት የወጡ ይመስላሉ፤ ሁሉም ግን ዐረብኛ ናቸው። ሐመል ጠቦት ነው፤ ሠውር በሬ ነው፤ ሑት ዓሣ ነው። ከቶውንም ባሕር አይቶ የማያውቅ የደጋ ክርስቲያን፣ በዐረብኛ ስም የተጠራ ዓሣ ኮከብህ ነው ተብሎ ብሩን ከፍሎ ረክቶ ይመለሳል። ስለዚህ ነሲብ ዳገቱን ሲወጣ ብቻውን አልነበረም ማለት ነው፤ አሥራ ሁለት የሀገር ልጆች ቀድመውት ሰፍረው ነበር።

ቤተ ክርስቲያን የነቀፈችው ኮከብን እንጂ ዕጣን አይደለም። በይሁዳ ፋንታ ማትያስ የተተካው በዕጣ ነው፤ ሐዋርያት ግን አስቀድመው ጸለዩ፣ ከዚያ በኋላ ጣሉ። በግብፅም ይህ ሥርዐት እስከ ዛሬ ጸንቶ ይኖራል፤ እ.ኤ.አ. በ1959 ቄርሎስ ስድስተኛ ከመንበር ላይ በተነሣ ዕጣ ለፓትርያርክነት ተመረጡ፤ እኒያው ቄርሎስ በዚያው ዓመት፣ በኛ አቈጣጠር ሰኔ 21 ቀን 1951 ዓ.ም.፣ ወገኖቼም የሚኰሩበትን የሸዋ ሰው አቡነ ባስልዮስን የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ፓትርያርክ አድርገው በካይሮ ሾሙ። በዕጣ የተሾመ እጅ ነው የሾመልን።

ነሲብ ግን በኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ክብር አልገጠመውም። በሀገሩ ደልዳይ ያለው፣ ከፈጣሪ እጅ የተሰጠ፣ ሰው በአክብሮት አንገቱን ደፍቶ የሚቀበለው ድርሻ የነበረው ቃል፣ ወደ አማርኛ ሲገባ ደልዳዩን ጥሎ ገባ። «በነሲብ ተናገረ» ማለት ሳያውቅ ገመተ ማለት ሆነ፤ «በነሲብ ወረወረ» ማለትም ሳያልም ለቀቀ። ቀጥሎ የስታቲስቲክስ ሊቃውንት አነሡትና «የነሲብ ናሙና» ብለው የሳይንስ ካባ ደረቡለት፤ ካባው ግን ያንኑ ማንም ያልመረጠውን፣ ማንም ያላደለውን ይሸፍናል እንጂ ሌላ አይደለም። ለዕጣ፣ ለዕድልና ለፋንታ ደልዳይ አለን፤ ደልዳይ ለሌለው ነገር ስም ስላልነበረን ከባዕድ ወሰድን፤ ስንወስድም ደልዳይ የነበረውን ቃል አራቈትነው። ብድር በዚህ ዐይነት ሲመለስ አበዳሪው እንዳያይ መጠንቀቅ ነው።

ደልዳዩ ማሽን የሆነ እንደሆነ ምን እንደሚመጣ በአዲስ አበባ ያሉ ወገኖቻችን አይተውታል። ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. የ25,791 የጋራ መኖሪያ ቤቶች ዕጣ በኮምፒዩተር ወጣ፤ ዕድለኞች እልል አሉ፤ ዘመድ «እንኳን ደስ አላችሁ» አለ፤ ጥቂት ቀናት ሳያልፉ ግን ሥርዐቱ ችግር ተገኝቶበታል ተብሎ ዕጣው ተሰረዘ፤ በ2015 ዓ.ም. እንደገና እስኪወጣም ድረስ ያ ሁሉ ሰው ዕድለኛ የነበረ ሰው ሆኖ ቆየ። ዕጣ ፈንታ በመግለጫ ሲሻር ያየነው ያን ጊዜ ነው። በቅርጫ ቢሆን ሕፃኑ ተመልሶ ይጠራ፣ ቆርኪዎቹ እንደገና ይናጡ፣ ነገሩም ከምሳ በፊት ያልቅ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ወጣት፣ ታብሌት በእጇ ይዛ፣ የጤና ጥናት ልታደርግ እኛ መንደር መጣች፤ እኔም ለበዓል ወጥቼ ስለነበር መምሬ ከሚባሉ የሰፈሬ ቄስ ደጅ ተቀምጬ ነበር። ልጅቱ ጨዋ ናት፤ ጉልበታቸውን ሳመች፣ ተባረከች፣ ከዚያም፣

«አባቴ፣ የእርስዎ ቤት በነሲብ ስለ ተመረጠ ጥቂት ጥያቄ ልጠይቅዎ ነው» አለቻቸው።

መምሬ ጭራቸውን አወዛወዙ። «ነሲብ የሚባል ሰው በዚህ ቀበሌ አላውቅም። የማን ልጅ ነው?»

«ሰው አይደለም አባቴ። ማንም ሳይመርጥ እንዲያው ኮምፒዩተሩ ያወጣው ነው።»

«ማንም ሳይመርጠው የተመረጠ!» አሉ፤ ወደ እኔም ዞረው ምስክርነቴን በዐይናቸው ጠየቁ። «ልጄ፣ ከነዚህ ሁሉ ቤቶች መካከል የእኔን ቤት ያወጣ ደልዳይ ከሌለ፣ አንቺን እዚህ ያመጣሽ ማን ነው? ሐዋርያትስ ለማትያስ ጸልየው ጣሉ፤ እናንተ ጸልያችኋል?»

ልጅቱ መጸለያቸውንም አለመጸለያቸውንም በመመሪያው ላይ ስላላገኘችው ዝም አለች፤ ወዲያው ግን ብልሃት መጣላትና «አባቴ፣ ዕጣ ወጣልዎ ማለቴ ነው» አለች።

«እንዲህ አትዪኝም ኖሯል!» ብለው ተነሡ፤ ጠላ አስመጡ፤ ቆሎ አስቈሉ፤ የተጠየቁትን ሁሉ መለሱ፤ ያልተጠየቁትንም፣ የወገብ ሕመማቸውን፣ የአማታቸውን አሟሟት፣ የጎረቤታቸውን የድንበር ነገር ሳይቀር አስመዘገቡ። በመጨረሻም ልጅቱ ታብሌቷን ስታጥፍ፣ «ታዲያ ምን ደረሰኝ?» ብለው ጠየቁ። ጥያቄው ብቻ እንደ ደረሳቸው ሲነገራቸው፣ ረጅም ጊዜ ካሰቡ በኋላ፣ «አጥንት ነው የወጣልኝ» አሉ።

መምሬ ዐረብኛ አያውቁም፤ ሆኖም ነሲብ ከሀገሩ ሲወጣ የጣለውን ደልዳይ በአንድ ጥያቄ መልሰውለታል፤ መዝገበ ቃላት የሚያዘጋጁ ሰዎች ቢሰሟቸው ይጠቅማቸው ነበር። እናንተም ወደ መንዝ፣ ወደ ግሼ ወይም ወደ መርሐቤቴ ለጥናት የምትወጡ ወጣቶች፣ በወረቀታችሁ ላይ «የነሲብ ናሙና» ብላችሁ ጻፉ፤ መምህራኖቻችሁ እንዲያ ይወዱታልና። ከደጅ ስትደርሱ ግን «ዕጣ ወጣልዎ» በሉ፤ ለዕጣውም አንዲት ሳሙና እንኳ ያዙ።